ስንት ትቆርጣላችሁ?

ቡሬ ላይ፣ ከመናኸሪያው በስተጀርባ፣ ሱቅ አለችኝ፤
አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን፣ የምትበቃኝ።
ዛላውን እቀነጥሳለሁ፣ አስፈጫለሁ፣ እነፋለሁ፤
በግማሽ ኪሎ፣ በሩብ ኪሎ፣ በወረቀት እሸጣለሁ።
ካዝናዬ የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ብሬም በርበሬ ይሸታል፤
የባንክ ገንዘብ ቆጣሪ ሲይዘው ሁለት ጊዜ ያስነጥሳል።

የዱሮው ሒሳቤማ፣ ቁጠባ ብዬ የከፈትኩት፣
በቀን እኔ ያጠራቀምኩትን በሌሊት ነው የሚሸርፉት።
ስልኬ ጢው ባለ ቁጥር "ተቀነሰ" ነው ወሬው፤
መቀነሱን ለሚነግረኝ ለመልእክቱም ዋጋ አለው!
አይጥ የጎተራን አፍ አትነካም፤ ከታች ነው የምትበሳ፤
ሦስት ብር፣ አምስት ብር፣ ማን ለሷ ብሎ ይነሣ?

እተወው ነበር። ግን ዛላ አምጪው፣ ሆቴል ቤቱ፣ ሁሉም
"በሒሳብ ቁጥር ነው" አሉ፤ "ጥሬ ብር ከእንግዲህ አይሆንም።"
ንግድ ፈቃዴን፣ መታወቂያዬን፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዤ
ባንክ ልመርጥ ወጣሁ፣ ዋናውን መንገድ ዳር እስከ ዳር ተጉዤ።

የመጀመሪያው ወለሉ መስተዋት፤ ወንበር ሳቡልኝ፣ ተቀመጥኩ።
"ስንት ትቆርጣላችሁ?" አልኩ።
"ወለድ እንሰጣለን" አሉ።
"እሱስ ይሁን፤ ስንት ትቆርጣላችሁ?"
"ዕጣ አለን፣ መኪና የሚያስወጣ" አሉ።
"ስንት…"
"ጃንጥላ አለ፣ የቀን መቁጠሪያም አለ" አሉ።
ጃንጥላውን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው፣ "ለነጋዴ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ነው" አለኝ፤
"ወዴት ነው የሚንቀሳቀሰው?" ብለው፣ ሳቀና መልስ ነፈገኝ።
ቅኔ ቤት አልገባሁ እኔ፤ ቢሆንም የጎጃም ልጅ ነኝና
ሰሙን ብቻ አስይዘው አይሸኙኝም፣ ወርቁን ሳልጠይቅ ገና።
ሦስተኛው፣ "ዝቅተኛ ተቀማጭ" ብሎ መጠኑን ሲነግረኝ ጊዜ፣
የሱ ዝቅተኛ የኔ ሁለት ኩንታል ዛላ ሆነና፣ ያዘኝ ትካዜ።

አራተኛው ደረጃው ይንገጫገጫል፤ ከሚስማር መሸጫው በላይ፤
አንሙት የሚሉት ልጅ ነው፣ ያለ ክራቫት፣ ሸሚዙ ውሃ ሰማይ።
"ስንት ትቆርጣላችሁ?" አልኩ።
ዝም አለ።
አንድ የተጻፈበት ወረቀት ወደ ጀርባው ገለበጠ፤
የማስገቢያውን፣ የማውጫውን፣ የመላኪያውን፣ የቼኩን፣
አንድ በአንድ አስቀመጠ።
"መልእክቱ ይቅርብሽ፤ በወር አንዴ መጥተሽ ደብተሩን እይው።
ይኸው ነው። ነጻ አይደለም፤ ነጻ ነው የሚልሽ ካለ ሽሺው።"

አራት ቦታ ፈረምኩ።
ደረጃው ጫፍ ስደርስ ጠራኝ፦ "እትዬ አንጓች፣ እኔም ልጠይቅ?
እናቴ ካንቺ ነው የምትገዛ፤ ቂም የለም፣ እንዲያው ለማወቅ፤
ግማሽ ኪሎ ስትዪ፣ ወረቀቱ አብሮ ይመዘናል?"

ፊቴ የራሴን በርበሬ መሰለ።
ምን እላለሁ? ይመዘናል። ከአባቴ ጀምሮ ይመዘናል።
ከየግማሽ ኪሎው ሥር፣ ቁንጥር፣ ቁንጥር፣ ቀስ ብላ የምትበሳ፤
የወረቀት ክብደት፣ ማን ለሷ ብሎ ይነሣ?

በማግስቱ ባዶውን ወረቀት በወዲያኛው ሳሕን አደረግሁት፤
ሚዛኑ ሲስተካከል አየሁት፤ ዱሮም ያውቅ ነበር፣ ሳልጠይቀው ነው የኖርኩት።
በወሩ መጨረሻ አሰላሁ፦ ከባንክ ያዳንኩት ሃምሳ ብር፤
ለወረቀቱ የለቀቅሁት ስድስት መቶ። ሳቅሁ እንጂ ምን ልናገር!

አልዋሽም፣ ሲነጋ በግማሽ ኪሎ ላይ ሁለት ብር ጨመርኩ፤
ግን በጠመኔ፣ በትልቁ፣ በሩ ላይ ጻፍኩ፦
ወረቀቱ አይመዘንም። በርበሬው ሁለት ብር ጨምሯል።

የአንሙት እናት መጣች። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች፤
ወደ ሚዛኑ ዞር ሳትል፣ በጣቷ እየተከተለች
ጽሑፉን ፊደል በፊደል አነበበች።
"አንድ ብር ይበቃሻል" አለች።