መጀመሪያ ይህን አንብብ

ጥቅምት ነው ክላይፔዳ፤ ወደቡን ውጦታል ጉም፤
የመርከብ ጡሩምባ ይሰማል፣ መርከቡ ግን አይታይም።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነኝ፤ መስኮቱ አልቦታል፤
ወኪሌ ስክሪኑ ላይ ነቅቶ «ምን ልሥራ ዛሬ?» ይለኛል።
ትናንት አብረን ውለን፣ ትናንት አብረን አምሽተን፣
ዛሬ እንደ እንግዳ ነው፤ አያውቅም ቤታችንን።
ጎበዝ ነው፣ አልክድም፤ እጁ ፈጣን፣ ዓይኑ ስል፤
ግን በሩ የት እንደሆን ካልነገሩት በግድግዳ ይገባል።

ባለፈው ሐሙስ
የመርከብ ተራ አስያዡን ኮድ አጽዳልኝ ብዬው፣
አንድ መስመር አየ፤ ሥራ ፈት መሰለው።
«አሥራ ሰባት ደቂቃ ቁም» ይላል መስመሩ፤
ከጎኑ ማስታወሻ፦ «አትንኩት። ዜኖናስ።» በቃ፤ ይኸው ነው ነገሩ።
ምክንያት የለው፣ ቀን የለው፤
ነቀለው።
ፈተናው ሁሉ አለፈ፣ አረንጓዴ ሆነ ረድፉ፤
ማታ ግን ጎታች ጀልባና የዓሣ መርከብ ለአንድ መቆሚያ ተሰለፉ፤
ሁለት ካፒቴኖች፣ በሁለት ቋንቋ፣ በሬዲዮ ተዘላለፉ።
ሰው አልተጎዳም።
የተላጠው የመርከብ ቀለምና የእኔ ፊት ነው።

አለቃዬ አርቪዳስ «ሰነድ ይጻፍ» አለ፤ «ራሱ ይጻፈው፣
ነገ ለሚመጣው ለራሱ መንገዱን ያሳየው።»
በዘጠኝ ደቂቃ አርባ ገጽ ዘረገፈ፤
ያልቆጠረው ፋይል፣ ያልጠራው ስም የለም፤ ማንንም አላለፈ።
«የመርከብ ክፍል ስለ መርከብ ነው፤ የሰዓት ክፍል ስለ ሰዓት፤
የመጠበቂያው ክፍል ይጠብቃል» ይላል፣ በሙሉ ኩራት።
ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ!
«ምን» የሚለው ሞልቷል፤
«ለምን» የሚለው ግን፣ አርባውን ገጽ ባራግፍ፣ አልወደቀም አንዲት ፍንጭ።

ቅዳሜ በጀልባ ተሻገርኩ፣ በአውቶቡስ ኒዳ ወረድኩ፤
ዜኖናስ ከጭስ ቤቱ ደጃፍ፣ በላስቲክ ቦት ጫማ፣ ዓሣ ሲያጥን ደረስኩ።
«አሥራ ሰባቱ ምንድን ነው?» አልኩት። ሳቀ። ቢላዋውን ጠረገ።
«መርከብ መሪውን ከባሕሩ አፍ አድርሳ ጀልባዋ ስትመለስ፣
አሥራ ሰባት ደቂቃ ይፈጅባታል ከምዕራብ ሲነፍስ።
ሦስት ቀን ብርድ ላይ ቆሜ፣ በሰዓቴ ለክቼዋለሁ።»
«ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?»
«ለማን? ሁሉም ያውቀዋል ብያለሁ።»
ሁሉም ያላቸው አራት ነበሩ፦ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዷ አየርላንድ ናት፤
አራተኛው ይኸው፣ ዓሣ ይገላብጣል፣ መዳፉ ጥላት።
«አሁንስ ለማን ነው የምትጽፊው?» አለኝ።
«በየማለዳው ለሚረሳ።»
«እንግዲያ አንድ ቅጂ ለእኔም ላኪልኝ።»
በጋዜጣ ጠቅልሎ አንድ ዓሣ ሰጠኝ፤
ስመለስ አውቶቡሱ ሁሉ ሽታው ሸትቶት ገላመጠኝ።

ሰኞ አርባውን ገጽ አጠፋሁ። አንድ ገጽ ጻፍኩ ባጭሩ፦
«መጀመሪያ ይህን አንብብ። ከዚያ ይጀመራል ሥራው ሁሉ፣ ክሩ።
"አዲሱ" የሚባለው ፎልደር አሮጌው ነው፤
አዲሱ "ጊዜያዊ" ይባላል፣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አትሳቅ፣ ልመደው።
ፈተናዎቹ ነፋስ አያውቁም፤ አረንጓዴያቸው አያታልልህ፤
አሥራ ሰባቱ ቁጥር አይደለም፣ የሰው መመለሻ ነው፤ ከመንቀልህ
በፊት ጠይቅ። የምትጠይቀው ካጣህ፣
ተወው።»

ማክሰኞ ወኪሉ፣ ትናንት የሌለው፣ ገጹን አነበበ፤
«አሥራ ሰባቱን አልነካም» አለኝ። ቀጥሎ አሰበ፣
ወይም ያሰበ መሰለኝ፤
«ይህ ከተለካ ወዲህ ጀልባዋ ተቀይራለች ወይ?» ሲል ጠየቀ።
አርቪዳስን አየሁት፤ እሱም እኔን። ማንም አላወቀ።

ጉሙ ተነሥቷል፤ ነፋሱ ከምዕራብ ነው፣ መስኮቱን ይነቀንቃል፤
ካፖርቴን ለበስኩ።
የእጅ ሰዓቴ ይሠራል።