ስለ በረዶው

ተማሪዎቼ ሄዱ፤ ዝናቡ ቀረ ከኔ ጋር፣
የኢሎኢሎን ቆርቆሮ እየደበደበ ሲናገር።
ጠረጴዛዬ ላይ ፖስታ አለ፣ በዲኑ ማኅተም የታሸገ፤
ሠላሳ አንድ ወረቀት በሆዱ፣ አንዱም ስሙን መጻፍ ያልፈለገ።
«የግብር ሕግ ትምህርት እንዴት ይሻሻል?» ነው ጥያቄው፤
ከሥሩ ሦስት መስመር አለ፣ ለሆድ ነገር የማይበቃው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ አስተማርሁ፤
ፖስታውን ስቀድ ግን እንደ ተከሳሽ ፈራሁ።

አንዱ፦ «ቀስ ይበሉ» ይላል። ሌላው፦ «ይፍጠኑ፣ እንቅልፍ ወሰደን።»
አንዱ፦ «ፈተናው ያልዘራነውን እርሻ አሳጨደን።»
አንዱ ምንም አልጻፈም፤ የኮከብ ሥዕል ሠርቷል፤
አንዱ፦ «የሦስተኛው ረድፍ ወንበር እግሩ ተሰብሯል።»
አንዱ ደግሞ፦ «ስላይዱን ማንበብ እኛም እንችላለን፤
እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን ይንገሩን እንላለን።»

ይህን ሳነብ ተነሣሁ፤ ውሃ ጠጣሁ፤ ተቀመጥሁ፤
«ማን ነህ አንተ?» አልሁ ጮክ ብዬ፤ የእጅ ጽሕፈቱን መረመርሁ፤
ከዚያ አፈርሁ።

ሃያ ሰባተኛው ወረቀት ላይ ቅርፊት ተለጥፏል፣
ትንሽ፣ ክብ፣ የዓሣ ቅርፊት፤ በመብራቱ ያበራል።
ጽሑፉ ከሦስቱ መስመር ተርፎ ወደ ጀርባው ፈሷል፦

«ጠበቃ፣
በየሳምንቱ "ግብር ከፋይ ሀ" ይላሉ፤
"ሀ" ሚሊዮን ፔሶ አገኘ፣ ለ"ለ" ሸጠ ይላሉ።
"ሀ"ን እኔ አላውቀውም፤ ሰፈሩ ወዴት ነው?
ጎርፍ ቤቱ ሲገባ ፍራሹን የሚሸከምለት ማነው?
እናቴን ግን አውቃታለሁ። ላፓዝ ገበያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ባንጉስ ትደረድራለች፤ ሳግዛት ነው የሚነጋብኝ።

"ጥሬ ዓሣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው" አሉን።
ጻፍሁት። አሰመርሁበት። ለእናቴም "ነፃ ነሽ" አልኋት።
ሳቀች።
"በረዶውስ?" አለች።

በረዶው ቫት አለበት፤ ፌስታሉም አለበት፤
ሚዛኗን ስታሳድስ፣ ያም አለበት።
ነፃ ዕቃ የሚሸጥ ደግሞ የከፈለውን አያስመልስም፤
እንግዲህ ዓሣው ነፃ ወጣ፤ እሷ ግን አልወጣችም።
ይህን ነገር መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት፣
ገጹ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ እርስዎ የዘለሉት።

ከበረዶው ይጀምሩልን፤ ትርጓሜው ኋላ ይድረስ፤
አንድ ባልዲ ይበቃናል፣ እስኪቀልጥ ድረስ።
ወረቀቱ ከሸተተ ይቅርታ፤ ሥራ ላይ ነው የጻፍሁት።»

ዝም አልሁ። ዝናቡ ግን ዝም አላለም።
«ነፃ» ስል ኖሬ፣ «ማን?» ብዬ አላውቅም።
«የጠበቆች ፈተና አለ» አልሁ ለባዶው ክፍል፣
«ገጹ ብዙ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው» ስል
ራሴን ሰማሁት፦ ቀኑ ያለፈበት ግብር ከፋይ መሰልሁ፣
ሰበቤን ታቅፌ መስኮቱ ሥር የቆምሁ።

ሐሙስ ዕለት ላፓዝ ሄድሁ፤ ሁለት ባንጉስ ገዛሁ፤
ሻጯ የማን እናት እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅሁ።
በረዶ ሻጩን ደረሰኝ ብለው ፊቴን አየና ሳቀ፤
በረጠበ እጁ ጽፎ ሰጠኝ፤ ቀለሙ ጥቂት ለቀቀ።

ማታ ክፍል ገባሁ፤ ስላይዱን አልከፈትሁም፤
ባልዲውን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ፤ ማንንም ለይቼ አላየሁም።
ደረሰኙን ከፍ አድርጌ፦ «ይህን ታክስ የከፈለው ማነው?»
«በረዶ ሻጩ» አለ ሬናንቴ፤ «ስሙ እኮ እዚያው ላይ ነው።»
«ገዢዋ ናት!» አለች ጁቪሊን።
«ዓሣ በሊታው» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ማለት፣ ሁላችን።»
ተጯጯሁ። ሰዓቱ አለቀ። ባልዲው በላብ ራሰ።
«ትርጓሜውስ?» አለኝ አንዱ፣ እስክሪብቶውን እየነከሰ።

ቀስ ይበሉ ያለኝንና ይፍጠኑ ያለኝን
እንዴት እንደማስታርቅ እስካሁን አላወቅሁም።
ወንበሩን ግን ቅዳሜ ጠዋት
ከዘበኛው ከኖንግ ዶሮይ ጋር ቸነከርነው።
ትንሽ ይወዛወዛል።