የአካባቢ ተለዋዋጭ

ከጀልባው ወደብ ማዶ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ሲከፈት ግማሽ ጣና ሲታይ
(ግማሹን የጋረደው የጎረቤት ግንብ ነው)
የፕሮግራም መመሪያ አርማለሁ፤ እንጀራዬ እሱ ነው።

አንድ ስም አለ፤ የመዝገብ_ቤት ይባላል፤
ፕሮግራሙ ሲነሣ ከሁሉ በፊት እሱን ይጣራል፣
«መዝገቡ ወዴት ነው?» ብሎ።
«የአካባቢ ተለዋዋጭ» ነው የማዕረግ መጠሪያው፤
ዋጋው በየሄደበት ይለያያል፣ ስሙን ግን ማንም አይነካው።
እኛ ነካነው።
ገጽ ሦስት ላይ ደምቆ፣ ገጽ ሰባት ላይ አዘንብሎ፣
ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ በትእምርተ ጥቅስ ታጥሮ፣
ገጽ ሃያ ላይ ራቁቱን፣ ከተራ ቃል ጋር አብሮ፤
አንድ ቦታ ከሥሩ ተሰምሮበት፣
አንድ ቦታ የዶላር ምልክት ግንባሩ ላይ ተለጥፎበት።

ማን ልብ ይለዋል ብለን ነበር። ባንቺዓምላክ አለችው፤
የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መዝገብ ያዥ ናት፣ ኮምፒውተሩን ገና መልመዷ ነው።
ገጽ ዐሥራ አንድን አመነች፤ እንዳየችው ገለበጠች፣
ጥቅሱም የስሙ አካል መስሏት ከነአጥሩ ከተበች።
ፕሮግራሙ «አላውቀውም» አለ።

ሐሙስ ንጋት ነው። የቀረሶና የአምባዛ ክምር
ሚዛን ላይ ወጥቶ ወርዶ፣ የሚሰፍርበት መዝገብ ሲቸግር፣
በረዶው እየቀለጠ፣ አስጋሪው እየተቆጣ፣
ድምጿ በስልኬ መጣ፦
«ወንድሜ፣ መጽሐፉ ያለውን ነው ያደረግሁ።
የቱ ጋ ነው የሳትሁ?»

ምን ልበላት።

አንማው ጎኔ ነው የሚሠራ። ልጅነቱን ዘጌ፣
ብራና ሲፍቅ ነው ያሳለፈው።
«የኔታ» አለኝ፣ «በቀይ የሚጻፈውን ስም በጥቁር ብጽፈው
አይቆጡም ነበር። ቅጠሉን አንሥተው፣ ‹ፋቀው› ብቻ።
‹ስሙ ሲቀላ፣ ገና ሳያነብ ዓይን ይሰግዳል፤
አንዴ ቀልቶ አንዴ ሲጠቁር፣ ዓይንም መስገዱን ይተዋል።›»
«የመዝገብ ቤት ቅዱስ አይደለ» አልሁት።
«አይደለም፤ ዓይኑ ግን ያው ዓይን ነው» አለና ሻዩን ጨልጦ ወጣ።

ሌሊቱን አረምሁ። መብራት ሁለቴ ሄደ።
ፈልጎ-ተኪውን ብለቀው፣ ተራውን ቃል ሁሉ አፍሶ ወሰደ፤
መለስሁት። እያንዳንዱን በዓይን፣
ወርዱ እኩል በሆነ ፊደል፣ ያለ ጥቅስ፣ ያለ ዶላር፣
ስሙ ብቻውን፤ ዋጋው ከመጣም በራሱ መስመር።
በዚያው ሌላ ገበና ወጣ፦
ግማሹ ገጽ «ሥርዓት»፣ ግማሹ «ስርአት» ሲል ኖሯል፤
አራት ነጥቡን እኔ በአንድ ቁልፍ፣
አንማው ሁለት ነጥብን ሁለቴ እየመታ ይጽፋል፤
ለሚያነብ ያው ነው፣ ለሚፈልግ ግን አንዱ ሌላውን ያጣል።

ሊነጋ ሲል መስኮቱን ከፈትሁ። ነፋሱ እምቦጩን ገፍቶ
ትናንት ውሃ የነበረውን አረንጓዴ መስክ ሠርቶ።
ወደቡ ላይ ሁለት ታፔላ ቆሟል፤ አዲሱ «ጣና» ይላል፣
ቀለሙ የረገፈው «ፃና»፤
ታንኳው በሁለቱም መሃል ይሄዳል፣ ይመጣል።

ስልኬ ጮኸ። ባንቺዓምላክ ናት።
«ሠርቷል» አለች። «አሁንማ ስሙን ከሩቅ እለየዋለሁ።
ግን ወንድሜ፣
ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ከታች፣ አንዲት ጥቅስ ቀርታለች፤ አየሃት?»