ሰባ ስድስት ደረጃ

በቦስኒያ፣ ከተራራ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ፣
ሰባ ስድስት ደረጃ አላት፤ ጠባብ፣ እርጥብ፣ ጨለማ።
አናቱ ላይ ሰዓት አለ፣ እንደ ሌላው ያልሆነ፣
ፀሐይ በጠለቀች ቁጥር አሥራ ሁለት የሆነ።
ፀሐይ ግን ቀጠሮ አታውቅም፤ ዛሬ ቀድማ፣ ነገ ዘግይታ፣
መርፌውን የሚገፋ ሰው ትሻለች ማታ ማታ።

ያ ሰው አጎቴ ዛይም ነው፤ የፊዚክስ መምህር የነበረ፣
ሠላሳ ዓመት በጠመኔ አቧራ ሲስል ያደረ።
"ፈጣሪ የለም" ይላል፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣
"ወተት የለም" እንደሚል ባለሱቅ፤ ሙግት አይፈልግም።

አንድ ቀን ዘይት ይዤ ስከተል፣ "ምን ያስወጣሃል?" አልኩት።
"አባቴ ቁልፉን ተወልኝ። እምነቱን ይዞት ሄደ፤ እኔም አልጠየቅሁት።"

የፀሐይ መጥለቂያ ደብተር አለው፣ በእርሳስ የተጻፈ፣
አያቱ፣ አባቱ፣ እሱ፤ የሦስቱም ጣት ጠርዙን ያሳደፈ።
መሐል ላይ ሁለት ገጽ አለ፣ ምንም ያልሰፈረበት፣ ባዶ፤
ስለ ጦርነቱ ሲጠየቅ፣ "ያኔ ጣለ" ይላል፣ "በረዶ።"

ኢማሙ ሩሺድ ይቀልዳል፤ "ይሄ ከሓዲ ባይኖር፣
ግማሻችን ሌሊት ሰግደን፣ ግማሻችን በቀትር!"
ዛይም መነጽሩን ይወለውላል፤
"ዛሬ ሁለት ደቂቃ ተኩል" ይላል።

ረመዳን ሲገባ ደግሞ፣ ከተማው አፉን ዘግቶ፣
ዓይኑን ወደ መርፌው ያቀናል፣ በረንዳ ላይ ወጥቶ።
ሾርባው ይጨሳል፣ ተምሩ ይቆጠራል፣ ማንኪያው ተሰልፏል፤
ከማያምን ሰው ጣት ላይ የአማኝ ጉሮሮ ተንጠልጥሏል።

ኪሱ ውስጥ ዳቦ አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልተነካ።
አየሁት። ሳቅሁ። "ጾመኛ ነህ ለካ!"
"አይደለሁም" አለ። "ግን አፉ እያኘከ ያለ ሰው፣
የራበውን 'ገና ነው' ብሎ እንዴት ያስታግሰው?"

አንድ ዓመት፣ ጭጋግ ሸለቆውን በጠጣበት ጊዜ፣
በሦስት ደቂቃ ተሳሳተ።
ማንም አላወቀም፤ ኢማሙም ቢሆን አልጠረጠረ፤
እሱ ግን ኮቱን ደርቦ በር በር ማንኳኳት ጀመረ።
መበለቷ ሸቫላ ከፈተች፣ እጇ ላይ ሊጥ ደርቆ፤
"ሦስት ደቂቃ ቀድሜ አስፈጠርኩሽ" አላት፣ ከደጃፉ ርቆ።
"አላህ ይምራል" አለችው።
"እሱን ለጊዜው ተይው። አንቺስ?"
ረጅም ዝም አለች። ከዚያ፣
"ግባ" አለች፣ "ሾርባው ሳይቀዘቅዝ።"

ዘንድሮ ጉልበቱ ከዳው፤ ቁልፉ ወደ እኔ መጣ።
እኔ አምናለሁ። ሌሊት ስባንን ስሙን እጠራለሁ፤
ሱብሒ ሲደርስ ግን ስልኬን አጥፍቼ እተኛለሁ።

ትናንት ደረጃውን ወጣሁ፤ ስድሳ ሁለተኛው ላይ አረፍሁ፤
ቀዝቃዛውን መርፌ ይዤ ሁለት ደቂቃ ገፋሁ።
ታች፣ አደባባዩ ጥግ፣ ዛይም በምርኩዙ ቆሞ፣
ወደ ላይ ያይ ነበር፣ ከጾመኛው ሁሉ ቀድሞ።
ኪሴን ዳሰስኩ። ዳቦ ነበር፤ ማን እንደከተተው እንጃ።
አልቆረስኩትም። ከበታቼ፣
ጨለማ፣ ሰባ ስድስት ደረጃ።