የደረቴ ካርድ

ዛሬ የአባቶች ቀን፣ ጁን ሦስተኛ እሑድ፤
ዊኒፔግ ማለዳ ፀሐይዋ ስትነድ፣
እኔ ካረጋውያን መኖሪያው ገብቼ፣
ምላጭና አረፋ፣ ፎጣ አሰናድቼ፣
አባት እላጫለሁ።
በሰው አባት ጉንጭ ላይ በቀስታ እሄዳለሁ።
ልጆቹ ሳይመጡ፣ አበባው ሳይገባ፣
አገጭ ይታጠባል፣ ይጠረጋል እንባ።
(እንባ ስል የዕድሜ ነው፣ የኀዘን አይደለም፤
አንዳንዴም የኀዘን፤ ለይቼው አላውቅም።)

ክፍል አሥራ አራት ማክሲሞ ዲማጊባ አሉ፤
«ልጄ ባስ ነጂ ነው፣ ይመጣል» እያሉ።
መጣም። ዩኒፎርሙን ገና እንደለበሰ
ካልጋው አጠገብ ወርዶ ጎነበሰ፤
የአባቱን እጅ ጀርባ ግንባሩ ላይ ጫነው፣
እንደ ማኅተም አርጎ ቀስ ብሎ አነሣው።
«ባገራችን» አለኝ፣ «ምርቃት እዚህ ነው።»

አሥራ ሰባት ቁጥር ጉርመይል ሲንግ ናቸው።
ጥምጥሙን አልነካም፤ እሱ የልጅ ሥራ ነው። የልጅ ልጆቻቸው
ጨርቁን ጫፍና ጫፍ ይዘው
በኮሪደሩ ርዝመት ወጥረው ሲያጥፉት
የመድኃኒት ጋሪ የምትገፋው ነርስ በሥሩ ታልፋለች አንገቷን ሰብራ።
ከዚያ ትልቁ ልጅ፣ ቤት ሻጩ፣ ባለሀብቱ፣
ወለል ድረስ ወርዶ ነካ እግሩን ያባቱን፣
ካልሲው የተበሳውን፣ ያበጠውን፣ ያንን ጣቱን።

አባት ሞሪስ ክሪ ናቸው፤ ከሰሜን ሐይቆች ማዶ።
የልጅ ልጃቸው በቀይ ጨርቅ ቋጥራ ትንባሆ ስታቀብል፣
«እዚህ ማጨስ ክልክል…» ብዬ ልል ስል
ሣቀችብኝ። «ማን ሊያጨሰው? ታሪክ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤
ትልቅ ሰው በባዶ እጅ አይጠየቅም።»
አፈርኩ። ይሄንንስ አውቀው ነበር፤ እኔው ነኝ የረሳሁት።

መጨረሻ የቀሩኝ ቶርስቴን ቢያርናሰን፣
የጊምሊ ዓሣ አጥማጅ፣ ዘጠና አንድ ዓመታቸው፤
ዛሬ ጠያቂ የላቸው።
ልጃቸው ከቫንኩቨር የላከችው ካርድ ላይ አንድ ዓሣ ባርኔጣ ደፍቷል፤
ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፣ ዘሟል።
ጉንጫቸውን ስላጭ ዓይናቸው ደረቴ ላይ፣ ስሜ ላይ ዋለ።
«ሁለተኛው ስም የማን ነው?»
«የአባቴ። አይችሉህም ይባላል።»
(አለቃዬ በየጠዋቱ ‹አይ… አይቼ…› ትልና ትተወዋለች።
አይችሉህም! እውነትም አልቻለችህም።)

«እኛም አይስላንድ ሳለን እንዲሁ ነበርን፤ ልጅ ባባቱ ይጠራል።
ቅድመ አያቴ ከመርከብ ሲወርድ
ጸሐፊው ስሙን እንደ ምስማር መታው፤
ያ የሞተ ቢያርኒ ይኸው ለሁላችን አባት ሆኖ ቀረ፤
የኔ አባት ግን ዮን ነበረ።
የትም አልተጻፈም።»
ዝም አልን። ቧንቧው ይንጠባጠባል።
«የመጀመሪያውስ? ታረቀኝ፣ ምን ማለት ነው?»

ምን ልበል?
አባቴ ጅማ ላይ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤
አንድ ዓይኑ ላይ መስታወት ሰክቶ፣ በሌላው ሰው የማያይ።
የእናቴ አርባ ሳይወጣ
ሌላ ሚስት አመጣ፤
እኔም ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመት አልደወልኩም።
ዘጠኝ ዓመት ግን በመንጃ ፈቃዴ፣ በደመወዝ ቼኬ፣ በደረቴ፣
ከስሜ ኋላ ቆሞ ነበር የተቀየምኩት አባቴ።

«ጠብቆ ሲነበብ» አልኳቸው፣ «ፈጣሪ ታረቀኝ ማለት ነው።
ላልቶ ሲነበብ ግን…»
ምላጩ ቆመ።
ላልቶ አንብቤው አላውቅም ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት።

በምሳ ሰዓት ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከማድረቂያው ጩኸት ራቅ ብዬ ቆምኩ።
ጅማ ምሽት ሁለት ሰዓት ነው፤ ተራ እሑድ፤
የአባቶች ቀን የሚባል ነገር የማያውቅ።
ጠራ። ጠራ።
የሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ ቀድሞ መጣ፣
ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ድምፅ፦ «ሃሎ፣ ማን ልበል?»

ስሜን ነገርኩት፤
አላልቼ።