የኖራው ልክ

አንድ ቢዩሬት አለን፣ ለስልሳ ሁለት ልጅ፣
ጫፉ እያንጠባጠበ፣ በሻማ ቢበጅ።
መምህር አንማው በጋቢው ጠቅልሎ
አመጣው ከመጋዘን፣ «ተጠንቀቁ» ብሎ።
ከመስኮቱ ማዶ የደንበጫ ገበያ ጫጫታ፣
ከውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ጠብ... ጠብ... የጠብታ።

«ቁልፉን በግራ እጅህ፣ ፍላስኩን በቀኝ፣
እያወዛወዝህ ቀስ ብለህ አሳየኝ።
ሮዙ ብልጭ ብሎ ይጠፋል መጀመሪያ፤
ያ ገና ወሬ ነው፣ አይደለም ማብቂያ።
ፈዝዞ፣ እንደ እፍረት፣ አልጠፋም ሲል ነው
ዝጋ።»

ባንችአምላክ ቁጥር ትጽፋለች።
እኔ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳርፌ
ገብሳችንን አየሁ፣ ቁመቱ ከጉልበት ሳይደርስ ቢጫ የሆነውን።
«መሬቱ ኮምጥጧል» ብለውት ነበር የግብርና ሰዎች።
«አፈር እርጎ ነው እንዴ የሚኮመጥጥ?» አለ አባቴ፤
ሃያ ዓመት ከላቡ ጋር በከንፈሩ የገባውን አፈር
ቀምሶ የማያውቅ ይመስል።

ስምንት ኩንታል ኖራ ከደጀን በመኪና መጣ።
የየኔአለም ሠርግ ደርሶ ነበርና
አራቱ ለማሳው፣ አራቱ ለግድግዳው ሆነ።
ቤታችን ነጣ! ከአስፋልቱ ላይ ይታይ ነበር።
ገብሱ እንደ ልማዱ።
እህቴ ከባሏ ዘንድ ሁለት ክረምት ኖራ
ተመልሳ መጣች።
እናቴ ግድግዳውን በጥፍሯ እየፋቀች
«የእኛ ነገር» አለች፣ «ለሰው ዓይን ብቻ ኖራ።»

«ዝጋ! ዝጋ እንጂ!»
ባንችአምላክ ናት፣ እስክሪብቶዋን ጥላ።
ሮዙ ጠቁሯል፣ እንደ በሰለ ቀይ ሥር፤
አንዲት ጠብታ ነበር የቀረው፣
እኔ ስንት እንደጨመርሁ እንጃ።
መምህር አንማው አልተቆጣም።
ፍላስኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ
ትንሽ አየውና፣
«ያምራል» አለ፤ «መልስ ግን አይደለም።»

ደፍተን፣ አጥበን፣ እንደገና ሞላን።
ባንችአምላክ በማስመሪያ መስመር አሰመረች፣
ከሥሩ «ሙከራ ሁለት» ብላ ጻፈች።
ደፍቶ መጀመር እንዲህ ቀላል ነው ለካ፣
ብርጭቆ ሲሆን።

አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት ነጥብ አራት።

በኪሴ አፈር ነበር፣ በፌስታል የቋጠርሁት፣
ከማሳችን ዳር ጧት የዘገንሁት፣
ለመምህሩ አሳየዋለሁ ብዬ።
ስልሳ አንድ ልጅ ከበውኝ ቆመዋል።
አፈርሁ።

ሮዙም በፍላስኩ ውስጥ ፈዝዞ ቆመ፤
አልጠፋም።