ሰባ ሦስተኛው ጭነት

ከታይዋን ተራ ነው ሦስት ሆነን የገዛናት፣
ከሽቶ ጠርሙስና ከጨርቅ ክምር መሃል አፈንዲ ያወጣት።
የኢድ ሳንቲማችን፣ የባጃጅ እጥበት፣ ኢብላ፣ ያንቺም ቁጠባ
አንድ ላይ ተቆጥሮ፣ ነጋዴው "ውሰዱ አቦ!" ሲል ጀምበር ልትገባ።

መዳፍ የምታህል፣ ጀርባዋ የተላጠ፣
ባንድ ጥግ መስታወቷ በንዳድ ያበጠ።
ጌም ናት። ሆዷ ውስጥ መቶ የኩብ እንቆቅልሽ፣
ፊደሏ ግን ጃፓን ይሁን ቻይና፣ ማን ያንብብልሽ?

ስሙን እኛ አወጣን፤ ማንበብ ላቃተው ሰው ስም መስጠት አያቅትም፤
አንደኛው "ስኳር" ነው፣ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ የማይሟሟ ቢሆንም፤
አሥራ ሁለተኛው "የቀፊራ በር"፣ ሃያኛው "የሳሙና ካርቶን"፣
አርባኛውን "ደቻቱ" አልነው፣ እስክንሻገረው መሽቶብን።

ሕጓ አንድ ነው፦ ኩቡን መግፋት እንጂ መሳብ የለም፤
ግድግዳ የነካ፣ ጥግ የያዘ ሣጥን ተመልሶ አይመጣም።
ይህን ሕግ በኋላ፣ በሌላም ቦታ አውቄዋለሁ፤
ለጊዜው ግን ልጅ ነኝ፣ አውራ ጣቴ ቀልቶ ቁልፉ ላይ አለሁ።

ሰባ ሦስት ላይ ቆመች።

"እንቆቅልሽ" አለች፤ "ምን አውቅልሽ" አልናት፤
መልሱ ጠፋንና፣ ወጉ ነውና፣ አገር ሰጠናት።
ሽንሌን ወሰደች። አዲጋላን ሰጠን፣ አይሻን አስከተልን፤
ደወሌ ላይ ቢያልቅብን ሐዲዱ፣ ዞረን በምዕራብ ቀጠልን፤
ኤረር ሄደች፣ አፍደም ሄደች፣ ሚኤሶም ተቆረሰች፤
ሰው አገር ሲሰጡት መልሱን ይነግራል፣ እሷ ወስዳ ዝም አለች።
ድሬ ብቻ ቀረች።
ድሬንማ ማን ይሰጣል?
"አልሰጥም!" አልሽ አንቺ፣ ጌሟን ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ፣
አያትሽ ወዳሉበት የኒም ጥላ ሮጥሽ።

አያትሽ ጌዲ፣ የሸመንደፈር ጫኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ባቡሩ ከቆመ ወዲህ የተዘጋ በር ሲጠብቁ የሚውሉት፣
ጥርስ የለምና ጫታቸውን በሙቀጫ ይወቅጣሉ።
መነጽራቸው በክር ነው። አዩዋት። ዝም አሉ። አዩዋት እንደገና።
"ይኸማ ፉርጎ ነው" አሉ፣ "ጫኙ ግን አልሠለጠነም ገና።
ሩቅ የሚሄደው ቀድሞ ይገባል፣ ሽንሌ የሚወርደው በር ላይ ይቆያል፤
እናንተ ዓይናችሁ የገባውን ትገፋላችሁ፤ በሩን ማን ይከፍታል?"
ቁልፍ አልነኩም፤ በጫት እንጨት አፈር ላይ ሣሉና
"ግፊ! አቁሚ! ወደ ግራ! አን፣ ደ፣ ትሯ... ቀስ በይ እንጂ፣ ዕቃ ነውና!"

የዙሁር አዛን አልፎ፣ የዐስር አዛን ሲሰማ
የመጨረሻው ኩብ ገባ፤ ከጌሟም ወጣ ቀጭን የፊሽካ ዜማ።
አንድ መስመር ጽሑፍ መስታወቷ ላይ ብልጭ ድርግም አለ።
"ምን ይላል?" አሉ።
ማናችንም አናውቅ። አፈንዲ ግን፣ ውሸት የማይቸግረው፣
"ባቡሩ ተነሣ ይላል" አላቸው።

ዘነዘናውን አስቀመጡ፤ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።
ወደ ሐዲዱ አዩ።
በብረቱ መሃል ሁለት ፍየሎች ለአንድ ፌስታል ይዋጉ ነበር።

ያን ማታ ባትሪው አለቀ። ድንጋዩን በጥርሳችን ነክሰን፣
ጠዋት የድሬ ፀሐይ ላይ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ አስጥተን
ስናበራት፣ ምንም አታስታውስ፤ ሰባ ሦስት ላይ ናት፣ እንዳላለፍን።
አፈንዲ "ደቻቱ እወረውራታለሁ" አለ፣ አንቺ አለቀስሽ።
ያኔ ነው የግቢው በር የተንኳኳ። አያትሽ።
ካኪ ለብሰዋል፣ ያን የሸመንደፈር ካኪ፣ ክርኑ የተጣፈ፣
ወገባቸው በገመድ የታሰረ፣ ጺማቸው የታጠበ።
"እህ፣ ልጆች" አሉ፣ ደፉ ላይ ቆመው፣
"ዛሬስ ጭነት አለ?"